ስለ ወጣኒ ሠራተኛና ስለ ዋሱ

በየዓመቱ ሰኔ ተገባድዶ ሐምሌ ሲጠባ፣ ክረምቱ ደመናውን በእንጦጦ ራስ ላይ ጠምጥሞ ጎዳናውን በጃንጥላ በሚሞላበት ወራት፣ በየዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ጥቁር ካባ ደርበው የቆሙ ወጣቶች በወላጆቻቸው እልልታና በመምህራኖቻቸው ጭብጨባ መካከል መዓርጋቸውን ይቀበላሉ፤ ፎቶግራፉ ይነሣል፣ አበባው ይታቀፋል፣ ከየአውራጃው ተሳፍሮ የመጣው ዘመድ አዝማድ በየተራው ይመርቃል፤ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ ሕዝብ መካከል፣ ነገ ስለሚያንኳኩት ሌላ ደጅ፣ በዚያም ደጅ ኮርስ የሚያስመዘግብ ሬጅስትራር፣ የፈተናን ቀን አስቀድሞ የሚለጥፍ መምህር፣ ስሕተትን በቀይ እስክሪብቶ አቅልሞ የሚመልስ አራሚ እንደማይጠብቃቸው ገልጦ የሚነግራቸው ሰው እምብዛም አይገኝም።

ሥራ አጥቶ ስለሚንከራተተው ምሩቅ ብዙ ተጽፏል፤ ሊጻፍም ይገባዋል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ የመውጫ ፈተና ተቀምጦ ከመቶ ኀምሳ ማግኘት ግድ ሆኖበታል፤ ያንን ያለፈውም ቢሆን ገና ጋዜጣ በኪራይ ከሚነበብበት ከአራት ኪሎ ጥግ ቆሞ፣ «የሥራ ልምድ፦ 0 ዓመት» የምትል አጭር መስመር ፍለጋ ገጽ ሲገልጥ ይውላል። ዛሬ የምጽፈው ግን ስለ ዕድለኛው ነው፤ የጽሑፉን ፈተና አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን ተወጥቶ፣ ስሙ በተለጠፈው ዝርዝር ላይ ተገኝቶለት በአንድ ባንክ ወይም በአንድ ኢንሹራንስ ወይም በሌላ አክሲዮን ማኅበር ስለተቀጠረው። የዚህ ሰው የመጀመሪያ ዓመት የደስታ ወሬ ሆኖ በቤተ ዘመድ ሲነገር እንጂ እንደ አንድ ዐቢይ ጉዳይ በአደባባይ ሲመከርበት አልሰማሁም፤ እኔ ግን አገር ከአንደኛ ክፍል እስከ ዲግሪ ድረስ ወጪ ተሸክማ ያሳደገችው ልጅ ለሙያ የሚበቃው ወይም ተስፋው ደርቆ ደመወዝ ጠባቂ ብቻ ሆኖ የሚቀረው በዚያች ዓመት እንደሆነ አምናለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. በአራት ኪሎ ሲከፈት ተማሪዎቹ እጅግ ጥቂቶች ስለነበሩ፣ ከዚያ የሚወጣውን ወጣት መሥሪያ ቤቱ ሁሉ በጉጉት ይጠብቀው፣ ሲደርስም እንደ ብርቅ ዕቃ ይይዘው ነበር። በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው በገነተ ልዑል ግቢ ከተመሠረተና የተማሪው ቍጥር እየበረከተ ከሄደ በኋላም፣ በ1950ዎቹ ዓመታት ማለቂያ ላይ የቆመው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ሥርዓት ተማሪውን ገና ሳይመረቅ ለአንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶቹ እየላከ፣ አብዛኛውንም በአስተማሪነት እያሠራ፣ በነቢብ የያዘውን በገቢር እንዲፈትነው ያደርግ ነበር፤ ስለዚህ ያ ወጣት ለመጨረሻው ትምህርቱ ሲመለስ የአለቃን ፊት አይቷል፣ ደመወዝ የዘገየበትን ወር አሳልፏል፣ ለሌሎች ሰዎች ኃላፊ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ ቀምሷል። በደርግ ዘመን ደግሞ ምሩቁ የምደባ ደብዳቤውን ተቀብሎ ወደተባለበት ይሄድ ነበር። ይህን ስል ያለፈውን ዘመን ለማሞገስ ብዬ አይደለም፤ ደን የተማረው በመዝገብ ቤት፣ መዝገብ አያያዝ የተማረው በእርሻ ጣቢያ ሊመደብ የሚችልበት ጊዜ ነበርና። ብቻ በእነዚያ ሥርዓቶች ሁሉ፣ በመልካምም ሆነ በክፉ፣ ወጣቱን ከተማሪ ቤት ተረክቦ ለሥራ ቤት የሚያስረክብ አንድ እጅ ነበረ ለማለት ነው።

ያ እጅ አሁን የለም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የባንክ ሥራ አዋጅ ለግል ባለሀብት በሩን ከፍቶ፣ በ1987 ዓ.ም. አዋሽ ባንክ ከተቋቋመ ወዲህ፣ ዳሸንና አቢሲኒያ፣ ወጋገንና ኅብረት፣ ንብና ሌሎችም እየተከታተሉ ሲቋቋሙ፣ የሂሳብ አያያዝና የማኔጅመንት፣ የኢኮኖሚክስና የኮምፒዩተር ምሩቅ በየቅርንጫፉ ይፈለግ ጀመር፤ ይህም ለብዙ ቤት እንጀራ ሆኗል። ነገር ግን ወጣቱና ቀጣሪው የሚገናኙት በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብቻ ሆነ፤ ዩኒቨርሲቲው ልጁን ከበር ሸኝቶ ይመለሳል፣ ባንኩም ከበሩ ላይ ሆኖ ሰነድ ይጠይቀዋል።

ከሰነዶቹም ሁሉ ዋነኛው የዋስ ወረቀት ነው። በባንክ የተቀጠረ ወጣት ገና ወንበሩን ሳያይ፣ ገና የኮምፒዩተሩን የይለፍ ቃል ሳይቀበል፣ በመጀመሪያ የሚያሠማሩት ዋስ ፍለጋ ነው፤ ዋሱም እንዲሁ ማንም ደግ ሰው ሊሆን አይችልም፣ በታወቀ መሥሪያ ቤት ቋሚ ሠራተኛ የሆነ፣ ደመወዙ ከተወሰነው መጠን የማያንስ፣ ይህንንም አሠሪው በማኅተም የሚያረጋግጥለት መሆን አለበት፤ አንዳንዱ ድርጅት ከዚህ አልፎ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ሊብሬ ይጠይቃል። አባቱ በአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ለሆነ ልጅ ይህ ነገር የአንድ ሳምንት ጉዳይ ነው፤ አጎት ይጠራል፣ አክስት ትለመናለች፣ የአባት የሥራ ባልደረባ ይሉኝታ ይዞት ይፈርማል። አባቱ በጎጃም ወይም በወሎ ገበሬ ለሆነ ልጅ ግን እንዲህ አይቀልም፤ የአባቱ መሬት ተሸጦ ወይም ተለውጦ የሚሆን አይደለም፣ በሬዎቹ ሊብሬ የላቸውም፣ በከተማው የሚያውቀው ቋሚ ደመወዝተኛ ቢኖር የቤት ኪራይ ያካፈለው ጓደኛው ነው፣ ያም ጓደኛ ባለፈው ዓመት ለሌላ ሰው ዋስ ሆኗል። እንዲህ ሆኖ በፈተና አንደኛ የወጣው ልጅ ዋስ አጥቶ ቀነ ገደቡ ሊያልፍበት ሲል በጭንቀት የሚያድርበትን ሌሊት የሚያውቀው፣ የዕቁብ ሰብሳቢን ደጅ ሳይቀር የጠናው እርሱ ራሱ ነው።

ዋስትና በአገራችን ጥንታዊ ነገር ነው። በቀድሞው ችሎት ተሟጋች ዋስ ሳይጠራ ነገሩን አይገባበትም ነበር፤ ጠቢቡ ሰሎሞንም በምሳሌው መጽሐፍ ለባልንጀራው ዋስ የሆነውን ሰው አጥብቆ ያስጠነቅቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ በቍጥር 1922 ላይ፣ ዋስትና በግምት የሚጸና እንዳይደለና በግልጽ መነገር እንደሚገባው፣ ዋሱም የሚጠየቅበት ከፍተኛ መጠን ካልተወሰነ ዋስትናው ዋጋ እንደማይኖረው ደንግጓል፤ ይህም የሕግ አውጪዎቹን አርቆ አስተዋይነት የሚያሳይ ነው፣ ዳርቻ የሌለው ዕዳ በሰው ጫንቃ ላይ እንዳይጫን አስበዋልና። ልጃቸው ወይም የወንድማቸው ልጅ ቅጽ ይዞ የመጣባቸው ሰዎች ይህን አንቀጽ አውቀው ቢፈርሙ መልካም ነው፤ በችኮላ እየፈረሙ መጠኑ የሚጻፍበትን ቦታ ክፍት ትተው የሚያስረክቡ ጥቂት አይደሉምና።

ባንኩ የሕዝብን አደራ ስለያዘ በአደራው ላይ ዘብ ቢያቆም አልነቅፈውም። የሚገርመኝና የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ሁሉ ጥንቃቄ፣ ይህ ሁሉ ማኅተምና ፊርማ፣ ወጣቱ ገንዘብ ቢያጐድል የሚከፍለውን ሰው ለማወቅ ሲውል፣ ወጣቱ ሥራውን ባያውቅ የሚያስተምረው ሰው ማን እንደሆነ የምትገልጽ አንዲት መስመር ከቅጥር ደብዳቤው ላይ ማጣታችን ነው። ለእጁ ንጽሕና ዋስ የተጠየቀለት ልጅ ለእጁ ሙያ ዋስ የሚሆነው የለውም። እኔ ደግሞ በቅርንጫፎቻችን ከሚታየው የሒሳብ ጉድለት ብዙው ከክፋት ይልቅ ካለማወቅ የሚመጣ ይመስለኛል፤ እንግዲያውስ ሁለተኛው ዋስ ቢገኝ ኖሮ ለመጀመሪያው የሚተርፈው ሥራ እጅግ ባነሰ ነበር።

የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንመልከት። ባንኮች ዓመታዊ ሒሳባቸውን የሚዘጉት በሰኔ ማለቂያ ነው፤ የመንግሥትም የበጀት ዓመት ሐምሌ 1 ቀን ይጀምራል። ስለዚህ አዲሱ ምሩቅ ወደ ቅርንጫፉ የሚደርሰው፣ ነባሮቹ ሠራተኞች ከዓመት መዝጊያው ድካም ገና ሳያገግሙ፣ ሥራ አስኪያጁም የአዲሱን ዓመት ዕቅድ ታቅፎ ራሱን በያዘበት ሰሞን ነው። በአዲስ ሙሉ ልብስና አንገት በሚያሳክክ ከረባት ተሸልሞ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይደርሳል፤ የጣት አሻራውን ያስነካል፤ ከዚያ በኋላ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ከአንዲት ባለ ወንበር ጐን ቁጭ ብሎ እንዲያይ ይነገረዋል፤ እርስዋም ደግ ብትሆን እንኳ የደንበኛው ሰልፍ እስከ በር ደርሶ ሳለ ቆማ የምትገልጽለት ጊዜ የላትም፣ ጣቶችዋ በኮምፒዩተሩ ላይ ሲበሩ አይቶ ያልፋል እንጂ ለምን ይህን እንደተጫነችና ያንን እንደተወች አይገባውም። በሁለተኛው ሳምንት አንዱ ሠራተኛ ታምሞ ይቀራል፤ ልጁ በወንበሩ ይተካል፤ ማታ ሒሳቡ ሲዘጋ ጥቂት መቶ ብር አልገጥም ይላል፣ የጐደለውም ገና ባልተከፈለው ደመወዙ ላይ ይጻፍበታል። ይህን ነው እንግዲህ ብዙዎች «በሥራ ላይ መማር» የሚሉት።

ከዚህ የከፋው ነገር ግን የደብዳቤው ጉዳይ ነው፤ ስለዚህ ነገር ሲነገር ባለመስማቴ ዘወትር ይደንቀኛል። ዩኒቨርሲቲዎቻችን የሚያስተምሩት በእንግሊዝኛ ነው፤ ልጁ ስለ ዋጋ መተመንና ስለ ብድር አደጋ የጻፈው የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ግን ለክፍለ ከተማው፣ ለፍርድ ቤቱ፣ የብድር ክፍያ ላዘገየ ነጋዴ የሚላክ የአማርኛ ደብዳቤ እንዲያዘጋጅ ይታዘዛል። «ጉዳዩ፦» ብሎ ይጀምርና ይቆማል። የመሥሪያ ቤት አማርኛ የራሱ ሕግ ያለው ቋንቋ ነው፤ ለበላይ የሚጻፈውና ለእኩያ የሚጻፈው ቃል ይለያያል፣ ማሳሰብና ማስጠንቀቅ አንድ አይደሉም፣ «እንዲደረግልን» እና «እንዲያደርጉ» በመካከላቸው የሥልጣን ድንበር አለ፣ ግልባጩ ለማን እንደሚደረግ አለማወቅ ሰው ያስቀይማል። ይህን ሁሉ ልጁ በአፍ መፍቻ ቋንቋው አላነበበውም፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነው ምሩቅማ መከራው እጥፍ ነው። የጻፈው ደብዳቤ ወደ አለቃው ገብቶ፣ ከላይ እስከ ታች ተሠርዞ፣ ያለ አንዲት ቃል ማብራሪያ ሲመለስለት፣ አሥራ ስድስት ዓመት ሲማር የኖረው ሰው ፊደል ያልቆጠረ ያህል ይሰማዋል። ይህ ውርደት ከገንዘብ ጉድለቱ ይልቅ ልብን ይሰብራል።

እንግዲህ ለምን አይጠይቅም ይባል ይሆናል። የማይጠይቀው በጨዋነት ስላሳደግነው ነው። በቤቱ ታላቅ ሲናገር ዝም ማለትን፣ በትምህርት ቤቱ መምህሩ የጻፈውን ቀድቶ በፈተና መመለስን፣ ጥያቄ የሚያበዛ ተማሪ ደፋር እንደሚባል ተምሮ አድጓል፤ አሁን በድንገት ባለማወቁ ዝም ያለ እንደሆነ የሌላ ሰው ንብረት በሚጠፋበት ስፍራ አስቀምጠነዋል። በዚህ ላይ ከነባሮቹ ወገን ዕውቀቱን የሚሰስት አይጠፋም፤ ሙያ በልብ ነው እያለ፣ መዝገቡን እንዴት እንደሚያመሳክር ለአዲሱ ልጅ ቢያሳየው ነገ ወንበሩን የሚወርሰው መስሎት፣ እያየ ዝም የሚል። ይህን ሰው ከመውቀሴ በፊት አንድ ነገር ልበል፤ ይህ ነባር ሠራተኛ ሥራው በሚመዘንበት ቅጽ ላይ ስንት ደንበኛ እንዳስተናገደና ስንት አዲስ ሒሳብ እንዳስከፈተ ይጠየቃል፣ ስንት ወጣት እንዳሠለጠነ ግን የሚጠይቀው የለም፤ ለማስተማር የሚያጠፋው ሰዓት ከራሱ ነጥብ የሚቀነስ ነው። መሥሪያ ቤቱ ያልቆጠረውን ነገር ሠራተኛው በነጻ እንዲሰጥ መጠበቅ ከሰው ሁሉ ጽድቅን መጠበቅ ይሆናል።

የቀደሙት ሊቃውንት ይህን ጉዳይ ከእኛ ይልቅ በጥበብ ይዘውት ነበር። በቅኔ ቤት ወጣኒው ከሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ መወድስ ሲወጣ፣ የኔታ ተማሪውን ሁሉ ብቻቸውን አይሸከሙም፤ በትምህርት የቀደመው አስነጋሪ ሆኖ ጀማሪውን ይዞ ያስጠናል፣ ያርማል፣ ይገሥጻል። አስነጋሪነትም ከትምህርቱ የሚያዘገይ ሸክም ሆኖ አልተቆጠረም፤ ራሱ የመዓርግ ደረጃ ነው፣ ያላስነገረ ሰው መምህር ለመባል ይቸገራል። ማስተማር የመማር አንዱ ክፍል ነው ብለው ስላመኑ፣ ዕውቀቱን የሚሰስት ሰው ከመዓርጉ የሚጐድለው እርሱ ራሱ ይሆናል። የዛሬው ባንክ ከዚህ ልማድ የሚወስደው ነገር የለም የሚል ካለ፣ እኔ በበኩሌ ያ ሰው ቅኔ ቤትንም ባንክንም በደንብ የተመለከተ አይመስለኝም።

ሕጉስ ምን ይላል? ቀድሞ ይሠራበት በነበረው በአዋጅ ቍጥር 377/1996 የሙከራ ጊዜ 45 ተከታታይ ቀናት ነበረ፤ አሁን በሚሠራበት በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቍጥር 1156/2011 ወደ 60 የሥራ ቀናት ከፍ ብሏል። በሙከራ ጊዜ ለሥራው ተስማሚ ሆኖ ያልተገኘ ሠራተኛ ያለ ማስጠንቀቂያና ያለ ስንብት ክፍያ ሊሰናበት ይችላል። የቀኖቹ መጨመር ለሁለቱም ወገን ሊጠቅም በቻለ ነበር፤ ነገር ግን ሙከራ ሲባል አንድ ሰው የተማረውን መፈተን ነው እንጂ ያልተማረውን መፈተን አይደለም፣ ባልሠለጠነበት ሥራ የሚለካ ልጅ የሚለካው በችሎታው ሳይሆን በአጋጣሚው ነው። ይኸው አዋጅ ስለ ሙያ ለማጆች ደግሞ የተለየ ሥርዓት አበጅቷል፤ ለማጁን የሚቀበል አሠሪ የሚያስተምረው ሙያና የመልመጃው ጊዜ በጽሑፍ ውል እንዲገለጥ ያዛል። ሕጉ ይህን ሲያስብ ብየዳ ወይም አናጢነት የሚለምደውን ልጅ በፊቱ አድርጎ እንደሆነ ይገባኛል፤ ዲግሪ ያለው ሰው ለማጅ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ዳሩ ግን በመጀመሪያው ዓመት ከለማጅ የሚለየው የካባው ፎቶግራፍ ብቻ ነው።

ወጣቶቹንም ሳልናገር አላልፍም። አንዳንዱ ዲግሪውን እንደ ፍጻሜ ይቆጥርና መዝገብ ማስተካከልን፣ ሰነድ ኮፒ ማድረግን፣ የተበጣጠሰ ብር ለይቶ ማሰርን ይንቃል፤ ከዚያ መዝገብ ውስጥ የባንኩ ታሪክ ሁሉ፣ ማን ተበድሮ እንደከፈለና ማን እንዳስቸገረ፣ የትኛው ውል ለክርክር እንደተጋለጠ ተጽፎ እንደሚገኝ አያስተውልም። ከሁሉ ይልቅ ግን የሚያሳስበኝ የደመወዙ ነገር ነው። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ያለው አኃዝ እና በወሩ መጨረሻ የሚደርሰው ገንዘብ አንድ አለመሆናቸውን ብዙው ወጣት የሚያውቀው በመጀመሪያው ወር ነው፤ የገቢ ግብር ይቀነሳል፣ ለጡረታ ከእርሱ 7 በመቶ ይወሰዳል፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ይጨምርለታል፣ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረው ሰው የወጪ መጋራት ዕዳም ይጠብቀዋል። የተረፈው የእናት ነው፤ የመጀመሪያ ደመወዝ ለእናት ተሰጥቶ ምርቃት ይቀበሉበታል እንጂ አይበላም፣ ይህንንም ልማድ ማንም አይንካብኝ። ከሁለተኛው ወር ጀምሮ ደግሞ የቢሮው ዕቁብ፣ የወለደችው ባልደረባ ስጦታ፣ የሞተበት ባልደረባ ሐዘን፣ የሚያገባው ባልደረባ ሠርግ መዋጮ በየተራ ይመጣል፤ አዲሱ ልጅ እነዚህን ሁሉ እንደ ቀረጥ እያየ ያጉረመርማል፣ እኔ ግን በዚያ ቤት ውስጥ ስሙ ከደመወዝ መክፈያ ዝርዝር አልፎ በሰው ልብ የሚጻፈው በእነዚህ መዋጮዎች ነው እላለሁ። የሥራን ምሥጢር የሚነግሩት ከለቅሶ ቤት አብሮ የተቀመጠውን ነው።

ሌላው ወቀሳ፣ ወጣቶቹ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ጥቂት መቶ ብር ወደጨመረ ባንክ ይዘላሉ የሚለው ነው። ሽማግሌዎች ይህን ሲናገሩ የታማኝነት መጥፋት አድርገው ነው። እኔ በዚህ አልስማማም። በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ በሚጠየቅበት ዋጋ፣ አራት ሆኖ በአንድ ክፍል የሚያድር ልጅ የተጨመረለትን ብር ቢከተል ማን ይፈርድበታል? በተለይ ደግሞ፣ ተቀጥሮ በገባበት ቤት ሙያ ያስያዘው ሰው ከሌለ፣ የሚተወው ምን አለ? ከዚያም በላይ አንዳንዱ ቅርንጫፍ ገና ሥራውን ያልለመደውን ልጅ ደንበኛ አምጣ፣ ተቀማጭ አሰባስብ እያለ ወደ ዘመዶቹ ይልከዋል፤ ባለፈው ወር በልመና ዋስ የሆነለት አጎት በዚህ ወር ደግሞ ሒሳብ ክፈትልኝ ይባላል። አጎቱም ለወንድሙ ልጅ ሲል ይከፍታል፣ መቶ ብር አስቀምጦ ይረሳዋል፣ ቅርንጫፉም አንድ ደንበኛ አፈራሁ ብሎ ሪፖርት ያደርጋል።

አዲስ ሠራተኛን ወደ ሙያ ማድረስ በዚህ አገር የማይቻል ነገር እንዳልሆነ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያሻም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በተደረገ ውል ተቋቁሞ በዚያው ዓመት መጋቢት ማለቂያ ወደ ካይሮ የመጀመሪያ በረራውን ሲያደርግ፣ አብራሪዎቹም መካኒኮቹም አስተዳዳሪዎቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ። ውሉ ግን ኢትዮጵያውያን እየሠለጠኑ እንዲተኩ የሚጠይቅ ስለነበር፣ ሥልጠናው ከሥራው ተለይቶ እንደ ትርፍ ነገር የሚታይ ሳይሆን ከአየር መንገዱ ዓላማዎች አንዱ ሆነ፤ አውሮፕላን ላይ የሚወጣው ለማጅ ከጐኑ ለእርሱ የተሾመ አስተማሪ አለው፣ ምን ያህል ሰዓት እንደበረረ ይጻፍለታል፣ ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው በታወቀ ልክ ነው። በ1950 ዓ.ም. ገደማ ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ለመሆን በቃ፤ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ላይም ኮሎኔል ስምረት መድኃኔ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ሩብ ምዕተ ዓመት ያህል ፈጅቷል፤ ነገር ግን የበረራና የጥገና ትምህርት ቤቶቹ ከዚያ በኋላ ከሌሎች የአፍሪካ አገሮች የሚመጡትን ሳይቀር ለማሠልጠን በቁ። ለዚህ አንዱ ምክንያት ግልጥ ነው፤ በአውሮፕላን ላይ «እያየህ ልመድ» ብሎ ነገር የለም፣ ስሕተቱ ከደመወዝ ተቀንሶ የሚከፈል አይደለምና። በባንክ ወንበር ላይ የሚሠራ ስሕተት የሰው ነፍስ ስለማያጠፋ ብቻ ቸል እንለዋለን።

ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ብዙ ወጪ የሚያስወጣ አይደለም። በቅጥር ደብዳቤው ላይ ደመወዙና የሥራ መደቡ ከሚጻፍበት በታች፣ ልጁን ለአንድ ዓመት የሚያስነግረው የነባር ሠራተኛ ስም በግልጥ ይጻፍ፤ በ60ዎቹ የሙከራ ቀናት ውስጥ የትኛውን ሥራ በየትኛው ሳምንት እንደሚያሳየው አስቀድሞ ይወሰን፤ ልጁ ያለ አስነጋሪው ብቻውን በገንዘብ መስኮት እንዳይቀመጥ ይከልከል፤ የአማርኛና የእንግሊዝኛ ደብዳቤዎች ናሙና ተጠርዞ ይሰጠው፤ የተሠረዘ ደብዳቤም የተሠረዘበት ምክንያት ሳይነገር አይመለስ። አስነጋሪውም በዓመቱ መጨረሻ ሥራው ሲመዘን፣ በእጁ ያደገው ወጣት ያሳየው ውጤት ከራሱ ነጥብ ጋር ይደመርለት። በሙከራ ጊዜ የሚሰናበት ልጅ ቢኖር፣ ከስንብቱ ደብዳቤ አስቀድሞ አስነጋሪው ምን እንዳስተማረውና የት ላይ እንደተቸገረ በጽሑፍ ይጠየቅ። ዩኒቨርሲቲዎቹም በበኩላቸው በመጨረሻው ዓመት ላይ ስለ መሥሪያ ቤት ደብዳቤ፣ ስለ ቃለ ጉባኤ አያያዝ፣ ስለ ሥራ ውልና ስለ ዋስትና የሚያስተምር አንድ አጭር ኮርስ ቢጨምሩ፣ ከሌላው የሚቀነስ ሰዓት ለማግኘት ብዙ የሚቸገሩ አይመስለኝም።

የባንክ አለቆች ለዚህ የሚመልሱትን አውቃለሁ፤ አሠልጥነን ስናበቃ ጐረቤት ባንክ ይወስድብናል ይላሉ። ይወስድባቸዋል፤ አየር መንገዱም ለባሕር ማዶ ኩባንያዎች ብዙ አብራሪዎችና መካኒኮች ሰጥቷል፤ ሆኖም ማሠልጠኑን አላቆመም፣ ከሄዱት ይልቅ የቀሩት ብዙ ናቸውና። ደግሞም ሁሉም ባንክ ይህን ፍርሃት ፈርቶ አላሠለጥንም ቢል፣ የሚዘዋወሩት ሰዎች ያው አላዋቂዎች ሆነው እርስ በርስ ይለዋወጧቸዋል፤ ያ ሲሆን ደግሞ የሚከፍለው በመጀመሪያ ደንበኛው ነው፣ ቀጥሎ ያ ፈርሞ የረሳው አጎት። የዳይሬክተሮች ቦርዶች የመጪውን ዓመት በጀት ለማጽደቅ በሚቀመጡበት ስብሰባ ለሰሌዳ ማስታወቂያና ለሽልማት ዕጣ የሚመድቡትን ገንዘብ ከፊታቸው ዘርግተው ሲመለከቱ፣ ከዚያ ላይ ጥቂቱን ቀንሰው ለነባሮቹ የአስነጋሪነት አበል ቢያደርጉት፣ በመስከረም የሚገቡት ልጆች ከነስማቸው የሚጠብቃቸው ሰው ያገኛሉ።